ጃፓን ሄዶ በእጅ መማር፦ የሻይ፣ የሶባ፣ የኢንዲጎና የሌሎች ባህላዊ ሙያዎች ትምህርት አሠራር

በጃፓን ለመንገደኛ ተብለው የሚሰጡ የባህል ትምህርቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው መምህሩ ሠርቶ ያሳያል፤ እርስዎ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ነካ አድርገው፣ ፎቶ ተነሥተው ይወጣሉ። በሁለተኛው ዱቄቱን፣ ጨርቁን ወይም ጭቃውን ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚይዙት እርስዎ ነዎት፤ ቢበላሽም በእጅዎ ይበላሻል። የሁለቱም ዋጋ ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ነው፤ በማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶም ያው ነው። ገንዘብና ጊዜ ሊወጣበት የሚገባው ሁለተኛው ነው። እንዴት እንደሚለይና ከገቡ በኋላ እጅዎ ምን መሥራት እንዳለበት ከዚህ በታች ተጽፏል።

ከመመዝገብዎ በፊት

ለቤቱ ሦስት ጥያቄ በኢሜይል ይላኩ። ከጠቅላላው ሰዓት ተማሪው በራሱ እጅ የሚሠራው ስንት ደቂቃ ነው? አንድ ዕቃ፣ ማለትም አንድ መምቻ፣ አንድ መዳመጫ ወይም አንድ የሸክላ መንኮራኩር፣ ለስንት ሰው ነው? የሠራሁትን በዚያው ቀን ይዤ እወጣለሁ ወይስ በኋላ ይላክልኛል? መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ሌላ ቤት ይፈልጉ። ለምሳሌ ሊጡን አቡክቶ የሚጠብቅዎ የሶባ (የቀጭን ኑድል) ቤት የሚያስተምርዎ መቁረጥ ብቻ ነው፤ የሶባ ሥራ ከባዱ ክፍል ግን ውሃው ዱቄቱ ውስጥ የሚገባባቸው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው።

ሰዓቱን በጥንቃቄ ያንብቡ። ቀጠሮው የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 10:00 የሚለው በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት፣ 13:30 የሚለው ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ጃፓን ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ይቀድማል፤ ከአገር ቤት መደወል ካስፈለገዎ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ይደውሉ፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ሊዘጋ ተቃርቧል። ቀኑን ሲጽፉም የፈረንጁን ወር በስሙ ይጻፉት። በቁጥር ብቻ ከተጻፈ ወሩና ቀኑ ሊምታታ ይችላል።

ከታህሳስ 20 እስከ 25 ገደማ (በእነሱ ከዲሴምበር 29 እስከ ጃንዋሪ 3) ብዙ ቤቶች ዝግ ናቸው። ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 5 ያለው ተከታታይ በዓልና በኦገስት አጋማሽ የሚውለው ኦቦን ደግሞ ጃፓናውያን ራሳቸው የሚጓዙበት ጊዜ ስለሆነ ቦታም ባቡርም ይጠባል። ትንንሽ ወርክሾፖች ካርድ ላይቀበሉ ስለሚችሉ ጥሬ የን ይያዙ። ጉርሻ አይሰጥም፤ ጠረጴዛ ላይ ትተው ቢወጡ ረሱት ብለው እየሮጡ ይከተሉዎታል። ከቀጠሮው 10 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ዘግይቶ የደረሰ ሰው ዋጋው አይቀነስለትም፤ የእጅ ሥራ ሰዓቱ ግን ይቀነስበታል።

ለሁሉም ትምህርት የሚሆን ዝግጅት ቀላል ነው፦ ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበትና አምባር ይውለቅ፣ ሽቶ አይቀባ። ቀዳዳ የሌለው ንጹሕ ካልሲ (ለሻይ ነጭ ቢሆን ይመረጣል) ያድርጉ። በጉልበት መቀመጥ የማይችሉ ከሆነ ወንበር ወይም ዝቅ ያለ መቀመጫ እንዲያዘጋጁልዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ ደንዝዞ የቆየ እግር ይዞ ብድግ ሲሉ መውደቅና የሰው ሳህን መስበር ነው።

ሻይ

የሻይ ሥርዓት ሙሉው፣ ከምግብ ጋር፣ 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለመንገደኛ የሚሰጠው ከ45 እስከ 90 ደቂቃ የሚቆይ ቅንጫቢ ነው፤ ዋጋውም በአብዛኛው ከ3,000 እስከ 6,000 የን ነው። ሥርዓቱን ዛሬ በሚታወቅበት መልክ ያስያዘው በ1591 የሞተው ሴን ኖ ሪክዩ ሲሆን፣ ከእሱ ቤተሰብ የወረዱት ሦስት ዋና ዋና ቤቶች ኡራሴንኬ፣ ኦሞቴሴንኬና ሙሻኮጂሴንኬ ይባላሉ። የቤቱ ልዩነት ለጀማሪም ይታያል፦ ኡራሴንኬ ሻዩን ላዩ በሙሉ በአረፋ እስኪሸፈን ይመታል፣ ኦሞቴሴንኬ አረፋውን አሳንሶ ከፊሉን ገላጣ ይተዋል። ስለዚህ አንዱ መምህር «አረፋው አነሰ» ያለዎትን ሌላው «በዛ» ቢልዎ አይገረሙ።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ሳህኑ (ጎድጓዳው የሻይ መጠጫ) ውስጥ ትንሽ ሙቅ ውሃ ያድርጉና የቀርከሃ መምቻውን (ቻሴን) ነክረው ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት። ደረቅ መምቻ ጥርሱ ይሰበራል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ይለሰልሳል። ውሃውን ይድፉና ሳህኑን በጨርቁ ያድርቁ። እርጥብ ሳህን ላይ የወደቀ ዱቄት ይጓጉላል።

2. በቀርከሃ ማንኪያው (ቻሻኩ) ሁለት ጊዜ ቆንጥረው ማቻውን (የአረንጓዴ ሻይ ዱቄቱን) ያድርጉ፤ ይህ 2 ግራም ገደማ ነው። ማቻው አስቀድሞ በወንፊት የተነፋ መሆኑን ይጠይቁ፤ ካልተነፋ ራስዎ ይንፉት።

3. ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሊትር ውሃ ያፍስሱ። ሙቀቱ 80 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። የፈላ ውሃ በቀጥታ ከተጨመረበት ሻዩ ይመራል፣ መዓዛውም ይጠፋል።

4. ግራ እጅዎ የሳህኑን ጎን ይያዝ። በቀኝዎ መምቻውን ይዘው በመጀመሪያ ከታች የተቀመጠውን ዱቄት ቀስ ብለው ይፍቱት። ከዚያ ከክንድዎ ሳይሆን ከእጅ አንጓዎ ወደፊትና ወደኋላ፣ በፍጥነት፣ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይምቱ። አያዙሩ፤ ክብ ማማሰል አረፋ አያወጣም። የመምቻው ጫፍ የሳህኑን ግርጌ ሊነካ ይቅረብ እንጂ አይጫነው።

5. አረፋው ሲነሣ መምቻውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ትልልቆቹን አረፋዎች በዝግታ ይስበሩ። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ዞር አድርገው ከመሐል ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ያንሡት።

አረፋ እምቢ ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ውሃው መብዛቱ ነው፤ ቀጥሎ የእጅ ዝግታ ነው። ሻዩ ውስጥ አረንጓዴ እንክብል ከተንሳፈፈ ዱቄቱ አልተነፋም፣ ወይም ጣሳው ክፍት ሆኖ እርጥበት ገብቶበታል። የቀርከሃ ስንጣሪ ከታየ መምቻውን ግርጌው ላይ ተጭነውታል ማለት ነው። መምቻው የሚሠራው ከአንድ የቀርከሃ ቁራጭ ሲሆን፣ የዚህ ሙያ ዋና ቦታ በናራ አውራጃ የምትገኘው ታካያማ ናት። ርካሽ ዕቃ አይደለም፤ ቢሰብሩ ይንገሩ።

ጠጪ ሆነው ሲቀመጡ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ይመስላል፦ ጣፋጩ ከሻዩ በፊት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ተበልቶ ያልቃል። ጣዕሙ አፍ ላይ ሳለ የሻዩ ምሬት ልክ ይሆናል። ሳህኑ ሲቀርብልዎ ጎንበስ ብለው ያመስግኑ፣ በግራ መዳፍዎ ላይ ያሳርፉት፣ በቀኝዎ ደግፈው ሁለት ጊዜ በሰዓት አዙሪት አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ ያዙሩት። ሳህኑ ፊት አለው፤ አሳላፊው ያን ፊት ወደ እርስዎ አድርጎ ያቀርበዋል፣ እርስዎ ደግሞ በፊቱ ላይ ላለመጠጣት ያዞሩታል። በሦስት ወይም በአራት ጉንጭ ጨርሰው የመጨረሻዋን ድምፅ አሰምተው ይሳቧት፤ ማለቁን የምትነግረው እሷ ናት። የነኩትን ጠርዝ በጣትዎ፣ ጣትዎን በወረቀት ጠርገው ሳህኑን በተቃራኒው ያዙሩና ይመልሱ። ሳህኑን ለማየት ከፈለጉ ከፍ አድርገው አይያዙት። ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ አሳርፈው፣ ወለሉ አጠገብ ዝቅ ብለው ይመልከቱት።

የእኛን ቡና የለመደ ሰው እዚህ የሚቸገርበት ዝምታው ነው። ቡና ላይ ወሬው የሥርዓቱ ግማሽ ነው፤ በሻዩ ክፍል ግን ሻዩ እየተሠራ ሳለ የማብሰያው ውሃ ድምፅ ይሰማ ዘንድ ዝም ይባላል፣ ጥያቄም ሻዩ ከተጠጣ በኋላ ስለ ዕቃዎቹ ይጠየቃል። ክፍሉ ውስጥ ሲሄዱ የታታሚውን (የወለሉን የሣር ምንጣፍ) የጨርቅ ጠርዝና የበሩን ደፍ አይርገጡ፤ ነጠላ ጫማም ታታሚ ላይ አይወጣም።

ጊዜ ያለው ሰው ከኪዮቶ በስተደቡብ በባቡር ወደ ኡጂ ይውረድ። እዚያ አንዳንድ የሻይ ቤቶች ቅጠሉን በድንጋይ ወፍጮ ራስዎ እንዲፈጩ ይፈቅዳሉ። ወፍጮው የሚዞረው ከሰዓት አዙሪት በተቃራኒ ነው። አንድ ወፍጮ በሰዓት 40 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚፈጨው፤ ፈጥነው ቢያዞሩ ድንጋዩ ይግላል፣ ዱቄቱም ይሻክራል። በጣትዎ መካከል ሲያሹት እንደ አሸዋ ከተሰማዎ ፈጥነዋል። ማቻ ለምን ውድ እንደሆነ ክንድዎ ሲዝል ይገባዎታል።

ሶባ

ሶባ ከስንዴ ወገን ካልሆነ፣ ሦስት ማዕዘን ፍሬ ካለው እህል የሚሠራ ቀጭን ኑድል ነው። በትምህርት ቤቶች የሚሠራው በአብዛኛው «ሁለት ለስምንት» የሚባለው ነው፦ 400 ግራም የሶባ ዱቄት ከ100 ግራም የስንዴ ዱቄት ጋር። ስንዴው የሚገባው ለማያያዣ ነው። የሶባ ዱቄት ብቻውን ግሉተን ስለሌለው አይሳብም፣ ይፈረካከሳል። ይህ መጠን ለአራት ወይም ለአምስት ሰው ይበቃል። ሙያው በብዙ ቦታ ይማራል፤ በናጋኖ አውራጃ ያለችው ቶጋኩሺ በሶባዋ የታወቀች ናት። በጥቅምትና በኅዳር አዲሱ ምርት ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የደረሰ ሰው ዕድለኛ ነው።

ከሁሉ በፊት ማስጠንቀቂያ። የሶባ አለርጂ አደገኛ ነው፤ መብላት ብቻ ሳይሆን በአየር ላይ የሚበንነውን ዱቄት መተንፈስም ሊቀሰቅሰው ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያዊ ይህን እህል ቀምሶ ስለማያውቅ አለርጂ ይኑረው አይኑረው አያውቅም። አስም ወይም ሌላ የምግብ አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ወደዚህ ትምህርት አይግባ።

ዱቄቱ ሁለቱም በአንድነት ተነፍቶ ሰፊ ገበታ ውስጥ ይደረጋል። ለ500 ግራም ዱቄት ውሃው 225 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ እርጥብ በሆነው የጃፓን የሙቀት ወቅት ትንሽ ይቀነሳል፣ ደረቅ በሆነው የብርድ ወቅት ትንሽ ይጨመራል። ውሃው አንድ ጊዜ አይፈስም። ግማሹን በላይ በላይ ይረጩና ጣቶችዎን በትነው፣ ጫፋቸውን ብቻ እየተጠቀሙ ገበታውን እየዞሩ ያዋህዱ። መዳፍዎ ሊጡን አይንካ። በዚህ ደረጃ አንድም ነገር አይጫኑ፣ አይጨብጡ። ዱቄቱ ፍርፋሪ ሲመስል ከቀረው ውሃ አብዛኛውን ይጨምሩ፤ ፍርፋሪው እያደገ ሽምብራ ያክላል። የመጨረሻዋን አንድ ማንኪያ ውሃ በጠብታ በጠብታ ነው የሚጨምሩት። እንክብሎቹ ራሳቸው እርስ በርስ መያያዝ ሲጀምሩና ላያቸው ወዝ ሲያወጣ ውሃው በቃ። አንዲት ጠብታ በዝታ ከሆነ ዱቄት ጨምሮ ማዳን አይቻልም፤ የተጨመረው ደረቅ ዱቄት ውሃ ሳያገኝ ሊጡ ውስጥ ነጭ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ሰብስበው በመዳፍዎ ተረከዝ ይጫኑ፣ ያጥፉ፣ ዞር ያድርጉ፣ እንደገና ይጫኑ። ላዩ ለስልሶ እስኪያበራ ድረስ በኃይል ይሹት። በመጨረሻ እጥፋቶቹን ወደ አንድ ነጥብ ሰብስበው ሊጡን እንደ ሾጣጣ አድርገው ያቁሙት፣ ከዚያ ከላይ ተጭነው ጠፍጣፋ ክብ ያድርጉት። ዓላማው ውስጡ ያለውን አየር ማስወጣት ነው፤ አየር የቀረበት ሊጥ ሲዳመጥ ይቀደዳል።

ሰሌዳው ላይ ዱቄት ነስንሰው በመጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በመዳመጫ ያስፉት። ከመሐል ወደ ውጭ ነው የሚገፋው፤ ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ ሊጡን ትንሽ ያዙሩት። ክቡ ሲሰፋ መዳመጫው ላይ ጠቅልለው ያንከባልሉታል፤ ሲፈታ ማዕዘን ያወጣል። በአራቱም አቅጣጫ ይህን ሲያደርጉ ክቡ አራት ማዕዘን ይሆናል። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ይድረስ፤ ያልተስተካከለ ቦታ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል፣ ዓይን ያታልላል።

ዱቄት በደንብ እየነሰነሱ ስምንት እጥፍ እስኪሆን ያጥፉት። ለመነስነሻው የሚስሱ ሰዎች ሲቆርጡ ይጣበቅባቸዋል። መቁረጫው ሰፊና ከባድ ቢላ ነው፤ ከሱ ጋር ጠርዝ ያላት ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ አለች። ሰሌዳዋ ሊጡ ላይ ትቀመጣለች፣ ቢላው ጠርዟን ተደግፎ ወደ ታችና ትንሽ ወደፊት ይወርዳል። ቆርጠው ሳያነሡ ቢላውን ወደ ግራ ትንሽ ሲያዘነብሉት ሰሌዳዋን ይገፋታል፤ የተገፋችበት ርቀት የሚቀጥለው ኑድል ውፍረት ይሆናል። የድሮ የኤዶ ልክ በአንድ ሱን፣ ማለትም በ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ 23 ቁርጥ ነበር፤ እያንዳንዱ 1.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጀማሪ 2 ሚሊ ሜትር እኩል በእኩል ከቆረጠ ጎበዝ ነው። ቀጭኑና ወፍራሙ ከተደባለቀ ቀጭኑ ሲሟሟ ወፍራሙ ጥሬ ይቀራል።

በሰፊ ድስት በሚንተከተክ ውሃ ይቀቀላል። የአንድ ሰው ድርሻ እያደረጉ በታትነው ይጨምሩ፤ ጥቂት ሰከንድ ሳይነኩ ይተውት፣ ተንሳፍፎ መዞር ሲጀምር ከአንድ ደቂቃ እስከ ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። አውጥተው በቀዝቃዛ ውሃ ልጋጉን ያጥቡ፣ በበረዶ ውሃ ያቀዝቅዙትና በዚያው ይብሉት።

ምን ሊበላሽ ይችላል? ሲዳመጥ ጠርዙ ከተሰነጣጠቀ ውሃው አንሷል፣ ወይም ውሃው ሳይዳረስ መጫን ተጀምሯል። ሲቀቀል አጫጭር ሆኖ ከተቆራረጠ ሳይታሽ ቀርቷል። ቆንጆ ተቆርጦ ሳለ የተሰባበረ ከሆነ ደግሞ ፎቶ ሲያነሡ ደርቆብዎታል፤ ከውሃው እስከ ቁርጡ ያለው ሥራ በግማሽ ሰዓት ማለቅ አለበት።

ለጾመኛ ሁለት ቃል። ኑድሉ ዱቄትና ውሃ ብቻ ስለሆነ ጾም ነው። ማጥቀሻው ግን ከደረቀ ዓሣ ከወጣ መረቅ (ዳሺ) ነው የሚሠራው፤ ሥጋ የለበትም ሲሉዎት ዓሣ የለበትም ማለታቸው አይደለም። ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ቀጠሮ ሲይዙ «ዳሺው ከኮምቡ የባሕር ሣርና ከደረቀ እንጉዳይ ይሁንልኝ» ብለው ይጻፉ፤ በዕለቱ መጠየቅ አይሠራም። በሻይ ላይ የሚቀርበው ባለ ቅርጹ ጣፋጭ፣ ኔሪኪሪ፣ በመሠረቱ ከነጭ ባቄላ ልቁጥ፣ ከስኳርና ከሩዝ ዱቄት ነው። ዶራያኪና ካስቴላ የተባሉት ኬክ መሰል ጣፋጮች ግን እንቁላል አለባቸው። ሶባው ካለቀ በኋላ የተቀቀለበት ትኩስ ውሃ በማጥቀሻው ቅሪት ላይ ተጨምሮ ይጠጣል። ብዙ መንገደኛ ሳያውቅ ትቶት ይሄዳል።

ኢንዲጎ

የጃፓን ሰማያዊ ቀለም ዋና አገር በሺኮኩ ደሴት ያለችው ቶኩሺማ ናት፤ የዮሺኖ ወንዝ ዳር የኢንዲጎ ተክል ይለማበታል። በአይዙሚ ከተማ ያለው አይ ኖ ያካታ የተባለው ሙዚየም ጎብኚው ራሱ እንዲነክር ያደርጋል። የደረቀው ቅጠል ውሃ እየተረጨና እየተገላበጠ 100 ቀን ገደማ ይብላላል፤ የተገኘው ሱኩሞ በአመድ ውሃ፣ በስንዴ ፉርሽካና በኖራ ተደርጎ እንደገና በጋን ውስጥ ይቦካል። ባክቴሪያው ቀለሙን ውሃ ውስጥ እንዲሟሟ ያደርገዋል፤ ጨርቁ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ተመልሶ ሰማያዊ ሆኖ ክሩ ውስጥ ይታሰራል። አሠራሩ ሁሉ የሚከተለው ከዚህ ነው።

ጨርቁ ጥጥ፣ ተልባ ወይም ሐር ይሁን። ፖሊስተር አይነከርም፤ ፖሊስተር የተቀላቀለበት ደብዝዞ ይወጣል። ብዙ ቤቶች የራስን ጨርቅ ማምጣት ይፈቅዱና በክብደት ያስከፍላሉ። ታዲያ ነጠላ ይዞ መሄድ ይቻላል። ቀድሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ መታጠብ አለበት፣ በሽመና ጊዜ የተቀባው ስታርች ካልለቀቀ ቀለሙ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ጥለቱ ግን የጥጥ ክር ካልሆነ ቀለሙን አይቀበልም፤ የሚያብረቀርቀው ክር እንዳለ ይቀርና መሬቱ ብቻ ሰማያዊ ይሆናል። አንዳንዱ ሰው ይህንኑ ይወደዋል፤ የሚወዱት ነጠላ ላይ ግን አይሞክሩት።

ንድፉ የሚወጣው ቀለም እንዳይገባ በሚከለከልበት ቦታ ነው። ጨርቁን አኮርዲዮን አስመስለው ያጥፉ፣ በላስቲክ ወይም በሁለት እንጨት ጥብቅ አድርገው ይሰሩት። የታሰረው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ልል እስራት ቀለም ያስገባል፤ ከስምንት በላይ እጥፍ ያለው ወፍራም ጨርቅ ደግሞ መሐሉ ሳይነካ ይቀራል። ከመንከርዎ በፊት ንጹሕ ውሃ ውስጥ አርሰው ጭምቅ ያድርጉት፤ ደረቅ ጨርቅ አየር ይዞ ይገባል፣ አየር ደግሞ የጋኑ ጠላት ነው።

ጓንት ያድርጉ። ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን አረፋ ወደ ጎን ገፋ አድርገው ጨርቁን ሳይረጩ ያስገቡ፣ ከውሃው በታች ይዘው እጥፋቶቹን በጣትዎ ገለጥ ገለጥ ያድርጉ። ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከወለል ዝቅ ብለው ጨምቀው ያውጡት፣ ጠብታው ጋኑን እንዳያማታው። ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ ዓይንዎ እያየ ከጠርዙ ጀምሮ ይሰማያዋል። እጥፋቱን ገልጠው አየር ያስገቡለት፣ አረንጓዴው ሲጠፋ እንደገና ይንከሩ። አንድ ረጅም ነከራ ከአራት አጫጭር አይበልጥም፤ ጥቁረቱ የሚመጣው ከድግግሞሹ ነው። ውሃ ሲነካው ጠቆር ብሎ ስለሚታይ፣ ከሚፈልጉት አንድ ጊዜ አስበልጠው ይንከሩ።

እስራቱ የሚፈታው ከመጨረሻው ነከራ በኋላ ነው። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይለቅለቅ። ቤት ሲገቡ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት ለብቻው በለስላሳ ሳሙና ይጠቡ፣ በጥላ ያድርቁ። ጓንቱ ከተቀደደ ጥፍርዎ ለቀናት ሰማያዊ ይሆናል፤ ጉዳት የለውም።

ብሩሽና ቀለም

የጽሕፈት ትምህርት (ሾዶ) ርካሽና አጭር ስለሆነ ዝናብ ለሚዘንብበት ቀን ይቀመጥ። ወረቀቱ ለስላሳው ገጽ ወደ ላይ ይሁን፣ በብረቱ ማስያዣ ይያዝ። ብሩሹ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ክርንም ከጠረጴዛው ይነሣል። ብሩሹን እስከ ሥሩ ቀለም አጠጥተው በቀለም ማሻው ድንጋይ ጠርዝ ያራግፉት። እየፈሰሰ ከተበላሸብዎ ቀለም በዝቷል ወይም ቆመዋል። መጻፍ የሚጀመረው ሲያርፍ፣ ሲሄድና ሲቆም በሚታወቅ ምት ነው፤ አንዴ የሄዱበትን መስመር ተመልሰው አይቀቡት፣ ይታያል። ቀለሙ ከልብስ አይለቅም፤ ጥቁር ይልበሱ።

መምህሩ ስምዎን በካታካና ሲጽፍልዎ በፊደላችን እንደምናነበው ቀስ ብለው በየድምፁ ይናገሩ። ካታካና እንደ ፊደላችን ድምፅን በክፍለ ቃል የሚጽፍ ስለሆነ ብዙው ይገጥማል፦ አበበ የሚለው ሦስት ምልክት ነው፤ በ1964 የቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈውን አበበ ቢቂላን የሚያስታውሱ ትልልቅ ሰዎችም ያውቁታል። ችግሩ ሳድሱ ላይ ነው፤ አናባቢ የሌለው ድምፅ በአብዛኛው «ኡ» ይጨመርበታል፣ ብርሃኑ «ቢሩሃኑ» ይሆናል። ቀ፣ ጠ፣ ጸ የሉም፤ ለና ረም አንድ ናቸው። ስምዎ የተጻፈበትን ወረቀት ከመቅረጽ ወይም ከመነቀስዎ በፊት ለሌላ አንባቢ ያሳዩ።

ኪሞኖ

ይህን ባህላዊ የጃፓን ልብስ ተከራይቶ ከመልበስ በላይ ብዙ ትምህርት የለበትም፤ አንዱን ነገር ግን ይያዙ። የግራው ወገን በቀኙ ላይ ይደረባል። ተገላቢጦሹ ለሬሳ ነው። በጊዮን፣ ኪዮቶ፣ የግል በሆኑት መተላለፊያዎች ኪሞኖ ለብሰው ፎቶ ለማንሣት አይግቡ፤ ክልከላውንና የ10,000 የን ቅጣቱን የሚገልጽ ሰሌዳ ተሰቅሏል።

ሸክላና ኪንትሱጊ

ሸክላ ለትዕግሥተኛ ነው። በመንኮራኩር ላይ ክርንዎን ጭንዎ ላይ አሳርፈው ጭቃውን መሐል ካላስያዙ ሌላው ሁሉ ይወዛወዛል፤ ውሃ ካበዙ ደግሞ ግድግዳው ይተኛል። ሲደርቅና ሲተኮስ ከ12 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳልና የፈለጉትን ስኒ ከፍ አድርገው ይሥሩት። ማድረቅ፣ መተኮስና መቀባት ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል። ወደ ኢትዮጵያ ይልኩ እንደሆነ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፤ ካልላኩ ቶኪዮ ወይም ሌላ አገር ያለ ዘመድ አድራሻ ይስጡ።

ኪንትሱጊ፣ ማለትም የተሰበረ ሳህን ጠግኖ ስንጥቁን በወርቅ ማስዋብ፣ ላይ መታለል ቀላል ነው። እውነተኛው የሚሠራው ኡሩሺ በተባለ የዛፍ ወዝ ሲሆን፣ እሱ የሚጠነክረው ሞቅ ባለና እርጥበት በበዛበት ሣጥን ውስጥ በደረጃ በደረጃ ስለሆነ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። በሁለት ሰዓት ጨርሰው የሚወጡበት ትምህርት በኢፖክሲ ሙጫና በናስ ዱቄት ነው የሚሠራው። ውብ ነው፤ ግን አይበላበትም፣ አይጠጣበትም፣ ለመደርደሪያ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ኡሩሺው ከሆነ ረጅም እጅጌና ጓንት ግዴታ ነው። ፈሳሹ ቆዳ ላይ የሚያስከትለው ማሳከክና ሽፍታ በዚያው ሰዓት ሳይሆን ከአንድ ወይም ከጥቂት ቀን በኋላ ሊወጣ ስለሚችል፣ ትምህርቱን በጉዞው የመጨረሻ ቀን አይያዙት። ከነካዎ ዘይት ቀብተው ጠርገው ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ፤ ውሃ ብቻ አያወጣውም።